ለቤት ኮምፒውተር ፀረ-ቫይረስ ስንመርጥ፦ ከምርቱ ስም የሚቀድሙ ጥያቄዎች

በፋኩልቲያችን ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ይመስላል። የምናገረው ስለ ቤት ኮምፒውተርና ለእርሱ ስለሚመረጠው ፀረ-ቫይረስ ነው። ይሁን እንጂ ከሃያ ዓመታት በሚበልጠው የማስተማር ዘመኔ ከክፍል ውጪ እንደዚህ ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ የለም። «የትኛውን ፀረ-ቫይረስ ልጫን?» ይለኛል ጎረቤቴ። የእኅቴ ልጅ በስልክ ይጠይቀኛል። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠይቀውኛል። እኔም ለብዙ ዓመታት የአንድ ምርት ስም ጠርቼ አልፍ ነበር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ያ መልሴ ለምን ስሕተት እንደ ነበረና በምን እንደ ተካሁት ነው።

አንድ ፍላሽ ያመጣው ጣጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የማማክራት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ያሰባሰብኳቸውን የምርምር ጽሑፎች በራሴ ፍላሽ አድርጌ ሰጠኋት። እርሷም ወደ ቤቷ ወስዳ ቤተሰቡ በጋራ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ገለበጠቻቸው። ሳምንት ሳይሞላ ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ጽሑፌ ጠፋ» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ምዕራፍና ከመስክ የሰበሰበችው መረጃ በሙሉ ያለው በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር። ያንን ፍላሽ ስትከፍተው በአቃፊዎቿ ፋንታ ትንንሽ አቋራጮች፣ እኛ ሾርትከት የምንላቸው፣ ተደርድረው አገኘች።

እኔ ስሰማ ጊዜው አልፎ ነበር። ወንድሟ ሊረዳት ብሎ ፍላሹን ፎርማት አድርጎታል፤ በዚያው ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ገልብጦበታል፤ ኮምፒውተሩንም እንደ አዲስ ጭኖታል። እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ላስረዳ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም። ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል፤ በእነርሱ ስም ደግሞ ወደ ራሱ የሚመሩ አቋራጮችን ያስቀምጣል። አቋራጩን የተጫነ ሰው ቫይረሱን አስነሥቶ ከዚያ አቃፊውን ይከፍታል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጽድቶ፣ ከዚያ አትሪብ በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የመደበቂያ ምልክቱን ከፋይሎቹ ላይ ማንሳት በቂ በሆነ ነበር። ፎርማት ከተደረገ በኋላ እንኳ ሌላ ነገር ባይጻፍበት ኖሮ የማስመለሻ ፕሮግራሞች ብዙውን ሊያወጡት ይችሉ ነበር። ጽሑፏን በእርግጥ ያጠፋው ለቫይረሱ የተሰጠው መድኃኒት ነበር።

ይህን ካስረዳኋት በኋላ በማግሥቱ የራሴን ፍላሽ በቤተ ሙከራችን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ጮኸ። ለካስ ጽሑፎቹን ከመስጠቴ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ የዐውደ ጥናት ፖስተር ለማሳተም ፍላሹን ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄው ነበር። የራሴ ላፕቶፕ በሊኑክስ የሚሠራ በመሆኑ ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ እኔን ሳይነካኝ፣ ምልክትም ሳያሳየኝ አልፏል። ወደ ተማሪዬ ቤት ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። በቤተሰቡ ኮምፒውተር ላይ ፀረ-ቫይረስ ተጭኖ ነበር፤ ያውም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስሙን የምጠራው ዝነኛ ምርት። የተጫነው ግን በክራክ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከታወቀበት በኋላ ማዘመኛው ተቋርጧል፤ የመጨረሻው እድሳት አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ምልክቱ በማያ ገጹ ጥግ ላይ ስለነበረ ሁሉም ሰው ጥበቃ ያለ መስሎት ኖሯል። እኔ የሰጠሁት መልስ፣ ማለትም የምርቱ ስም፣ በዚያ ቤት ውስጥ ነበረ። ጥበቃው ግን አልነበረም።

ፍጹም ፀረ-ቫይረስ ለምን አይኖርም?

ከታሪኩ ወደ ትምህርቱ ልሻገር። ብዙ ሰው «ምርጡ ፀረ-ቫይረስ» ሲል ምንም የማያመልጠውን ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም አለመኖሩ በአምራቾች ስንፍና የመጣ አይደለም፤ በሒሳብ የተረጋገጠ ጉዳይ ነው። አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ማንኛውንም ፕሮግራም መርምሮ «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርድ ስልት ሊኖር እንደማይችል አሳየ። ፍሬድ ኮኸን ደግሞ በ1980ዎቹ፣ የኮምፒውተር ቫይረስን በጥናት ሲመረምር፣ ተመሳሳዩን ሐሳብ ወደ ቫይረስ አመጣው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ፍጹም መርማሪ አለ እንበል። እኔ ደግሞ አንድ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ይህ ፕሮግራም አስቀድሞ ያንኑ መርማሪ ስለ ራሱ ይጠይቀዋል። መርማሪው «ቫይረስ ነህ» ካለው ምንም ሳያደርግ ይቆማል። «ንጹሕ ነህ» ካለው ራሱን ያባዛል። መርማሪው የትኛውንም ቢመልስ ተሳስቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፀረ-ቫይረስ ግምት ነው። ከሚያውቃቸው ጎጂ ፕሮግራሞች አሻራ ጋር ያመሳክራል፤ አዲሱን በጠባዩ ይጠረጥራል፤ አጠራጣሪውን ወደ አምራቹ ማእከል ልኮ ያስመረምራል። ሦስቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሦስቱም ይሳሳታሉ።

ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጎጂውን ማሳለፍ፣ ሁለተኛው ንጹሑን መክሰስ ነው። ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥር ልውሰድ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ 200,000 ፋይል አለ፤ ከዚህ ውስጥ 20ው ጎጂ ነው እንበል። ፕሮግራማችን ከ100 ጎጂ 99ኙን ይይዛል፤ ከ1,000 ንጹሕ ፋይል ግን አንዱን በስሕተት ይከሳል። ውጤቱ ምን ይሆናል? ሃያውን ጎጂ ፋይል ይይዛል ማለት ይቻላል፤ አብሮም ወደ 200 የሚጠጉ ንጹሓንን ይከሳል። ከ220 ማስጠንቀቂያ 200ው ሐሰት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው ማስጠንቀቂያን መናቅ ይለምዳል፤ ከዚያም እውነተኛውን አብሮ ይንቃል። በገበያ ላይ ያሉት ጥሩ ምርቶች የሐሰት ክሳቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ስንመርጥ «ስንት ይይዛል?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ጊዜ በከንቱ ይጮኻል?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ስሌቱ ያሳያል።

በከንቱ መጮኽ ምን ያህል እንደሚጎዳ ታሪክም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 የማካፊ ፀረ-ቫይረስ ያሰራጨው አንድ እድሳት የዊንዶውስ ኤክስፒን ወሳኝ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ስላሰረው በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮች ሥራ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያወጣው ጉድለት ያለበት እድሳት፣ በማይክሮሶፍት ግምት መሠረት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አሰናክሏል። በዕለቱ በረራዎች ተሰርዘዋል፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተቸግረዋል። የዚያን ቀን ቫይረስ አልነበረም። ዘበኛው ራሱ ነው የቤቱን በር የዘጋው። ፀረ-ቫይረስ በኮምፒውተራችን ውስጥ ከሁሉ የላቀ ሥልጣን የምንሰጠው ፕሮግራም መሆኑን ከዚህ ልብ እንበል።

አደጋው በየት በኩል ይገባል?

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሕመምተኛው የት እንደ ዋለ፣ ምን እንደ በላ ይጠይቃል። እኛም የቤታችንን በሮች ማወቅ አለብን። በእኔ እይታ በእኛ አካባቢ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። በር መሆኑ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታኗ ላሆር ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ብሬይን የተባለው ቫይረስ ከአገር አገር የተጓዘው በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ፍሎፒው አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ። በማተሚያ ቤት፣ በፎቶ ኮፒ ቤት፣ በቤተ ሙከራ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ፍላሽ ሲዞር ይውላል። ኢንተርኔት የማይደርስበትን ኮምፒውተር ፍላሽ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ በር መናገር ያሳፍራል፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን አልፈንበታል። አስተውላችሁ ከሆነ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ጋር የሚመጣው መመሪያ ብዙ ጊዜ «በመጀመሪያ ፀረ-ቫይረስህን አጥፋ» የሚል ነው። አንድ ሰው በራችንን አንኳክቶ «ከመግባቴ በፊት ውሻውን እሰሩልኝ፣ መብራቱንም አጥፉልኝ» ቢለን እናስገባው ነበር? በኮምፒውተር ላይ ግን እናስገባዋለን። ገበያ ላይ ያለው ምርጡ ፀረ-ቫይረስ ባለቤቱ ራሱ ካጠፋው በኋላ ሊረዳው አይችልም።

ሦስተኛው መልእክት ነው፤ ኢሜይልም ይሁን ቴሌግራም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል ሲመጣ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን የበከለው ሰዎች ደብዳቤውን ለመክፈት ስለ ጓጉ ነው። ዛሬ ደብዳቤው «የፈተና መልስ»፣ «የሥራ ማስታወቂያ»፣ «የነጻ ትምህርት ዕድል» ተብሎ ይመጣል። ኮምፒውተራችሁ በአምስት ቫይረስ ተይዟል የሚል ብልጭ ድርግም የሚል ገጽም ከዚሁ ወገን ነው። በማስፈራራት የሚሸጠው «ፀረ-ቫይረስ» ራሱ ቫይረስ የሆነባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

አራተኛው ያልተጠገነ ስርዓተ ክወና ነው። ማይክሮሶፍት አንድን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 14 ቀን 2017 አወጣ። ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን ያዳረሰው በግንቦት 12 ቀን፣ ማለትም ከ59 ቀናት በኋላ ነው። ከ150 በላይ በሚሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተመቱ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሕመምተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። ጥገናውን በጊዜ የጫነ ግን በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም። የእኛ ነገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ የዊንዶውስ እድሳት ዳታ ይበላል ብለን የዘጋነውን ማዘመኛ እንድንከፍት አደራ እላለሁ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 መቆሙንም አስታውሱ። ጥገና በማይደርሰው ስርዓተ ክወና ላይ ፀረ-ቫይረሱ ቢታደስ እንኳ ቀዳዳው ክፍት እንደ ሆነ ይቀራል።

እንግዲህ ምርጫው

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ እንመለስ። ከምርቱ ስም በፊት አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንድትጠይቁ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ያለኝ ነገር በቂ ነው ወይ? ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ ዊንዶውስ ሙሉ ፀረ-ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በምርመራ ተቋማት ዘንድ ዝቅተኛ ውጤት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ተሻሽሎ ከታወቁት የሚከፈልባቸው ምርቶች ጋር የሚስተካከል ሆኗል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ኮምፒውተሩን በሕጋዊ መንገድ ለሚያዘምንና ክራክ ለማይጭን ተራ የቤት ተጠቃሚ ዲፌንደር በቂ ነው። ያልታደሰ ዝነኛ ምርት ከታደሰ ዲፌንደር እጅግ ያነሰ ነው። ልብ በሉ፤ ሌላ ፀረ-ቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደር አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ለቆ ይተኛል። በክራክ የተጫነው እንግዳ ማዘመኛው ሲቋረጥ፣ ነባሩም ተኝቶ፣ ቤቱ ያለ ጠባቂ ሊቀር ይችላል። በተማሪዬ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ እድሳቱ እኔ ባለሁበት ሁኔታ ይደርሰኛል ወይ? ይህ ጥያቄ ለእኛ ከማንም በላይ ይጠቅማል። የኢንተርኔት መስመር ቤቱ የሌለው፣ በስልኩ ዳታ የሚጠቀም ቤተሰብ ስንት ነው? የዲፌንደር ሙሉ የአሻራ ጥቅል ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል፤ በየጊዜው የሚጨመረው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ሙሉውን ጥቅል ከማይክሮሶፍት ገጽ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ወደ ቤት መውሰድና መጫን ይቻላል። ሌላ ምርት የምትመርጡ ከሆነ እንዲህ ከመስመር ውጪ የሚታደስበት መንገድ እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሰዓት፣ ለዚህ ሥራ መድቡ።

ሦስተኛ፣ ገለልተኛ መርማሪዎች ምን ይላሉ? በጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስት፣ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚገኘው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስና በብሪታንያ ያለው ኤስኢ ላብስ ውጤታቸውን በነጻ ያወጣሉ። ኤቪ-ቴስት መከላከልን፣ ኮምፒውተርን አለማዘግየትንና ለአጠቃቀም መመቸትን ለየብቻ ከ6 ነጥብ ይመዝናል፤ ድምሩ 18 ነው። እናንተ የስታቲስቲክስ ትምህርት የወሰዳችሁ ተማሪዎች ግን ውጤቱን በጥንቃቄ ልታነቡ ይገባል። ፈተናው በ400 ናሙናዎች ላይ ቢደረግ በ99.5 በመቶና በ99 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ናሙና ብቻ ነው። በሁለት ናሙና ልዩነት «አንደኛ» ተብሎ ማስታወቂያ ይሠራል። ስለዚህ የአንድ ወር አንደኛን ትታችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ተቋማት ሳይዋዥቅ ከላይ የቆየውን ተመልከቱ። የማዘግየቱን ውጤት ደግሞ በተለይ አስተውሉ፤ ተቋማቱ የሚፈትኑበት ኮምፒውተር ቤታችን ካለው ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ሥልጣኔን ለማን እየሰጠሁ ነው? ፀረ-ቫይረስ ፋይሎቻችሁን ሁሉ ያያል፤ ብዙዎቹም የምትጎበኟቸውን ድረ-ገጾች ይከታተላሉ። አቫስት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በነጻ የሚጠቀሙበት ምርት ነው። የተጠቃሚዎቹ የኢንተርኔት ጉዞ መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ንዑስ ኩባንያው በኩል ይሸጥ እንደ ነበር በጥር 2020 ተገለጠ፤ ንዑስ ኩባንያውም ተዘጋ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2024 ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። በሌላ በኩል የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ 2024 የሩሲያው ካስፐርስኪ ምርቶች በአገሩ እንዳይሸጡ ከለከለ፤ ምክንያቱም የሩሲያ መንግሥት በኩባንያው ላይ ሊኖረው የሚችል ተጽዕኖ ነው ተባለ። ኩባንያው ክሱን አይቀበልም። እዚያ ያሉ ተጠቃሚዎች ግን ከመስከረም መጨረሻ በኋላ እድሳት አጡ። እኔ በዚህ መድረክ የአገሮችን ጠብ ልዳኝ አልመጣሁም። የምለው ይህን ነው፦ ፀረ-ቫይረስ መምረጥ ታማኝ ሰው መምረጥ ነው። ነጻ የሆነው በምን እንደሚተዳደር ጠይቁ፤ የአገልግሎት ውሉን አንብቡ፤ መረጃ ለማጋራት የተፈቀዱትን ምልክቶች አንሱ።

ለመግዛት ከወሰናችሁ በዋጋው ላይ ሁለት ቃል ልጨምር። በኢንተርኔት የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ቅናሽ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ከፍ ይላል፤ ክፍያውም በራሱ ሊታደስ ይችላል። ከሱቅ በካርቶን የምትገዙ ከሆነ ቁልፉ ያልተጠቀሙበት፣ ጊዜው ያላለፈ፣ ለሌላ አህጉር ብቻ የተሸጠ አለመሆኑን ሻጩ ፊት በኮምፒውተራችሁ ላይ አስነሥታችሁ አረጋግጡ። ሁለት ፀረ-ቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አትጫኑ። ይጋጫሉ፤ ኮምፒውተሩንም ያደክሙታል።

የመረጣችሁት ነቅቶ እንደ ሆነ ለማወቅም መንገድ አለ። ኢካር የተባለው የሙከራ ፋይል 68 ፊደላት ብቻ ያሉት፣ ማንንም የማይጎዳ ጽሑፍ ነው። ሁሉም የታወቁ ፀረ-ቫይረሶች ቫይረስ እንደ ሆነ አድርገው እንዲይዙት ተስማምተዋል። አውርዱት። ዝም ካለ ጠባቂያችሁ ተኝቷል ማለት ነው።

ጠባቂው ሲያንቀላፋ

ፍጹም መርማሪ እንደሌለ አይተናል። እንግዲያው አንድ ቀን የሆነ ነገር ማምለጡ አይቀርም፤ ጥያቄው ያ ቀን ሲመጣ ምን ይቀረናል የሚል ነው። እዚህ ላይ ፀረ-ቫይረስ የሚሰጠው መልስ የለውም። መልሱ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። በሙያው የታወቀው ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ የሥራችሁ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን። ለተማሪ ይህ ከባድ አይደለም። አንዱ በኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በኢሜይል ወይም በጉግል ድራይቭ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ አንድ ዘፈን ከማውረድ አይበልጥም። ሃርድ ዲስኩን ግን ሁልጊዜ ሰክታችሁ አትተዉት፤ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋልና።

ሁለት ትንንሽ ልማዶችም ልጨምር። በቤት ኮምፒውተር ላይ ለዕለት ሥራ ከአስተዳዳሪው የተለየ ተራ መለያ ክፈቱ፤ ልጆች በስሕተት የከፈቱት ነገር ሙሉ ሥልጣን እንዳያገኝ ይረዳል። በዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ የተመረጡ አቃፊዎችን ከማይታወቁ ፕሮግራሞች የሚጠብቅ አገልግሎት አለ። በነባሩ ሁኔታ ጠፍቶ ስለሚቆይ እናንተ ልታበሩት ይገባል።

አንድ ነገር ከሆነም አትቸኩሉ። ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ በፍላሹ ላይ ምንም አትጻፉ፤ ፎርማት አታድርጉ፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በዚህ ግቢ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ በእኛ ሙያ ግን ከተቃጠለም በኋላ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው።

ማጠቃለያ

ተማሪዬ ጽሑፏን እንደገና ጻፈችው። የመስክ መረጃዋን ለመሰብሰብ ወደ ሰዎቹ ተመልሳ ሄደች፤ አንዳንዶቹ በአድራሻቸው አልነበሩም። በአንድ ሴሚስተር ዘግይታ ተመረቀች። ፍላሹ የእኔ እንደ ነበረ የነገርኳት በማግሥቱ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ዶክተር፣ ታዲያ ይህን ሌሎቹ ይወቁት እንጂ» አለችኝ። ይህ ንግግር ለእርሷ የገባሁት ቃል ነው።

ስለዚህ አሁን ጎረቤቴ «የትኛውን ልጫን?» ሲለኝ ስም አልጠራም። በፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እጠይቀዋለሁ፦ ኮምፒውተርህ ዛሬ ቢጠፋ የምታለቅስበት ምንድን ነው? ሌላ ቅጂው የት አለ? ዊንዶውስህ መቼ ታደሰ? ክራክ አለበት? ፍላሽህ የት የት ዋለ? እነዚህን ከመለሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ አዲስ ምርት ማውረድ አያስፈልገውም፤ ያለውን ማንቃት ይበቃዋል። የሚያስፈልገውም ካለ በምን መስፈርት እንደሚመርጥ ያውቃል።

ለእናንተ የምሰጠው የቤት ሥራ አጭር ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ በኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ፀረ-ቫይረስ የታደሰበትን ቀን ተመልከቱ። ከዚያም የጽሑፋችሁን አንድ ቅጂ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ። እኔም ፍላሼን ከመስጠቴ በፊት ማስመርመር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከአዳራሹ ውጪ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቤተ ሙከራ ረዳቶቻችን ተቀምጠዋል፤ ፍላሽ የያዘ ሰው ሳያፍር ያስመርምር። መጀመሪያ ያስመረመርኩት እኔ ነኝ።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ እንድትጠይቁ እጋብዛለሁ።